ዋቱ ሲወጣ ኒኮቲኑ ይውረድ

ትልቁን ቬፕ (ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ ሞቆ እንፋሎቱ የሚሳብበትን ኤሌክትሮኒክ ሲጋራ) በገዛሁበት ምሽት፣ የምሠራበት ሆቴል ጓሮ ውስጥ ግድግዳ ተደግፌ መሬት ላይ ተቀምጬ ነበር። ግንባሬን ላብ አጥምቆታል፤ ሆዴ ይገለባበጣል፤ የልቤ ምት ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። ሲጋራ ባጨስኩባቸው 19 ዓመታት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ሆኜ አላውቅም። ምን እንደነካኝ የገባኝ በማግስቱ ነው፤ ሰውነቴ ከሚችለው በላይ ኒኮቲን ወስጄ ነበር። መሣሪያው ብልሽት አልነበረበትም፣ ፈሳሹም ደህና ነበር። ጥፋቱ ሁለቱን ማገናኘቴ ነው። ለትንሿ ቬፕ የተዘጋጀውን፣ በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ኒኮቲን ያለውን ፈሳሽ በ60 ዋት በሚሠራ መሣሪያ (ዋት ፈሳሹን የሚያሞቀው ጉልበት ነው) ሞልቼ ደጋግሜ በረጅሙ ስቤዋለሁ።

ይህን የምጽፈው ሲጋራ ለመተው ብለው ትንሿን ቬፕ ይዘው «ይህቺ አላረካችኝም፣ ጉልበት ያለው ልግዛ» ለሚሉ ሰዎች ነው። ሲጋራ አጭሶ የማያውቅ ሰው ከትንሿም ከትልቁም አይጀምር፤ ለእሱ የምለው ሌላ ነገር የለኝም።

ማጨስ የጀመርኩት አዲስ አበባ ነው፤ ኒያላ በፍሬ ከሱቅ በደረቴ እየገዛሁ። ለንደን ከመጣሁ በኋላ በቀን አንድ ፓኮ ደረስኩ። የምሠራው ኮቬንት ጋርደን አጠገብ ባለ ሆቴል ማብሰያ ቤት ውስጥ ነው። የኮቬንት ጋርደንን የምድር ባቡር ጣቢያ የሚያውቅ ሰው 193ቱን ደረጃዎች ያውቃቸዋል። አንድ ቀን አሳንሰሩ ጋ ሰልፍ በዝቶ ስለረፈደብኝ በደረጃው ወጣሁ። አራት ጊዜ ቆሜ ትንፋሼን ሰበሰብኩ። ሥራ ቦታዬ ደርሼ ሽንኩርት ለመክተፍ ቢላዋ ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ትንሿን ቬፕ የገዛሁት በዚያው ሳምንት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2023።

ብዕር የምታክል፣ በ12 ዋት የምትሠራ ቀላል መሣሪያ ነበረች። ፈሳሿን ስመርጥ 6 ሚሊግራም የሚለውን አነሳሁ፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ለጤና ይሻላል ብዬ። ለአራት ሳምንት ከአፌ አልነጠልኳትም። አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከምድጃው ፊት ዘወር ባልኩ ቁጥር፣ ሌሊት ስነቃ እስባታለሁ። ያም ሆኖ በቀን አራት አምስት ሲጋራ አልቀረልኝም። በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ፓኮ ገዛሁና፣ ችግሩ የመሣሪያዋ ድክመት ነው ብዬ ደመደምኩ።

ወደ አንድ ሱቅ ገብቼ ኃይለኛውን ስጠኝ አልኩ። ሁለት ባትሪ የሚይዝ፣ ቁጥር የሚያሳይ መስታወት ያለው፣ እጅ የሚሞላ ከባድ መሣሪያ ተሰጠኝ። ፈሳሹንም ጠንካራውን አልኩ፤ 20 ሚሊግራም የኒኮቲን ጨው፣ ጉሮሮን ብዙም የማይቆረቁረውን የኒኮቲን ዓይነት፣ ጨመረልኝ። ሻጩ የትኛውን ፈሳሽ በየትኛው መሣሪያ እንደምጠቀም አልጠየቀኝም፤ እኔም መጠየቅ እንዳለብኝ አላወቅኩም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ከላይ ተናግሬዋለሁ።

በማግስቱ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ በሰፈራችን ወደሚሰጠው የማጨስ ማቆሚያ አገልግሎት ላከችኝ። እንግሊዝ አገር ይህ አገልግሎት በነጻ ነው፤ ወረፋውም እንደፈራሁት አልነበረም። አማካሪዋ መጀመሪያ ያደረገችው በአንዲት ቱቦ እንድተነፍስ ነው። መሣሪያዋ በትንፋሼ ውስጥ ያለውን ካርቦን ሞኖክሳይድ ትለካለች፤ 23 አሳየች። ከ10 በላይ ከሆነ የሚያጨስ ሰው ትንፋሽ ነው። ከዚያ ወረቀት ወስዳ ሁለት መስመር ሂሳብ ጻፈችልኝ። ወረቀቱ አሁንም አለ፤ ቁም ሳጥኔ በር ላይ ተለጥፏል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። በትንሿ ቬፕ አንድ ሰው በቀን 2 ሚሊሊትር ያህል ፈሳሽ ይጨርሳል። ፈሳሹ በሚሊሊትር 20 ሚሊግራም ከሆነ ጠቅላላው 40 ሚሊግራም ኒኮቲን ነው። ትልቁ መሣሪያ በቀን 10 ሚሊሊትር ይጨርሳል። በ3 ሚሊግራም ቢሞላ ጠቅላላው 30 ነው። ስለዚህ ትልቁ ላይ «3» የሚለው ቁጥር ከትንሿ «20» ጋር ይቀራረባል እንጂ ደካማ አይደለም። እኔ ግን ትንሿን በ6 ሞልቼ በቀን 12 ሚሊግራም ብቻ አቀርብላት ነበር፤ ፓኮ ሙሉ ለለመደ ሰውነት ይህ ጾም ማደር ነው። ትልቁን ደግሞ በ20 ሞላሁት። በዚያች ምሽት 2 ሚሊሊትር ከምትይዘው ማጠራቀሚያ ግማሽ ያህሉን በአሥር ደቂቃ ጨርሻለሁ። በትንሿ ቢሆን ግማሽ ቀን የሚፈጀውን ማለት ነው።

«ሰውነትህ የጠየቀህ ኒኮቲን ነበር፤ አንተ ግን ዋት ሰጠኸው» አለችኝ አማካሪዋ። ትልቁን መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ መልሼ፣ በትንሿ ላይ 20 ሚሊግራሙን እንድሞላ ነገረችኝ። እንደነገረችኝ አደረግሁ። በሦስተኛው ቀን ሲጋራ አልነካሁም። በሁለተኛው ሳምንት ቱቦዋን ስተነፍስ 2 አሳየች። በአንድ እጄ ሲጋራ፣ በሌላው ቬፕ ይዤ የቆየሁባቸው ሳምንታት የከነከኑኝ ያኔ ነው። ቬፕ የሚጠቅመው የሲጋራውን ቦታ ሲተካ ነው፤ እላዩ ላይ ሲጨመር ጭሱ፣ ሬንጁና ካርቦን ሞኖክሳይዱ እንዳለ ይቀጥላል።

ስለዚህ አንባቢዬ፣ ትልቅ መሣሪያ ለመግዛት ካሰብክ መጀመሪያ የያዝከውን ጠርሙስ አገላብጠህ ቁጥሩን አንብብ። በቀን አሥራ አምስትና ሃያ ሲጋራ ታጨስ ከነበረና ጠርሙስህ ላይ 3 ወይም 6 ተጽፎ ካየህ፣ ያጎደለብህ ምናልባት መሣሪያው ሳይሆን ፈሳሹ ነው። ይህን ብቻ በማስተካከል ብዙ ገንዘብ ማትረፍ ይቻላል።

አብሮን ዕቃ የሚያጥብ አንድ ታላቅ ሰው አለ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንለው። አርባ ዓመት ያጨሰ ነው። የእኔን መለወጥ አይቶ «ልጄ፣ ያን ትልቁን አሳየኝ፤ እኔ የለመድኩት ኃይለኛውን ነው» አለኝ። «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይቺን ትንሿን በ20 ይሞክሯት። በሁለት ሳምንት ካላረካችዎት ትልቁን አብረን ሄደን እንገዛለን» አልኳቸው። ሁለት ሳምንቱ ሲሞላ እንዴት እንደሆነላቸው ስጠይቅ «ላይተሬን የት እንደጣልኩት እንኳ አላስታውስም» አሉኝ። እስከ ዛሬ ትልቁን አልገዙም፤ አያስፈልጋቸውምና።

እኔ ታዲያ ለምን ወደ ትልቁ ተመለስኩ? አማካሪዋ ኒኮቲኑን ቀስ በቀስ እንድቀንስ መከረችኝ። በትንሿ ከ20 ወደ 10 ስወርድ ጉሮሮዬ ላይ የምትቆነጥጠኝ ነገር ጠፋች። ቀን ሥራ ላይ ግድ አልነበረኝም። ማታ ግን፣ እራት ተበልቶ ቡና ሲቀርብ፣ እጄ ኪሴን መዳበስ ጀመረ። ያ ሰዓት ለእኔ ከሁሉም ከባዱ ነው። የትልቁ እንፋሎት ወፍራምና ሞቅ ያለ ነው፤ በ3 ሚሊግራም እንኳ ደረት ይሞላል። በአነስተኛ ኒኮቲን የማጨስ ልማዱን የሚያረካ መሣሪያ ነው ማለት ነው። ትልቁን ለመግዛት በቂ ምክንያት ሆኖ ያገኘሁት ይህንን ብቻ ነው፤ ኒኮቲኑ እየወረደ ልማዱን ማባበል። በጥር ወር ሳጥኑን እንደገና ከፈትኩት፤ በዚህ ጊዜ ግን ነገሮቹን አንድ በአንድ ተምሬ።

ፈሳሹን ላስቀድም። ፈሳሽ የሚሠራው በዋናነት ከፕሮፒሊን ግላይኮልና ከአትክልት ግሊሰሪን ነው። የመጀመሪያው ቀጭን ነው፣ ጣዕም ይሸከማል፣ ጉሮሮ ይቆነጥጣል፤ ሁለተኛው ወፍራም ነው፣ ደመናውን የሚሠራው እሱ ነው። ለትንሿ እኩል በእኩል የሆነው ይስማማል። ለትልቁ ከመቶው 70 እጅ ግሊሰሪን የሆነው ነው የሚሻለው። ብታለዋውጣቸው ቀጭኑ ከትልቁ ማጠራቀሚያ ይንጠባጠባል፤ ወፍራሙ ደግሞ ፈሳሹን በሚመጥጠው የትንሿ ጥጥ ውስጥ ቶሎ ስለማይዘልቅ ጥጡ ይቃጠላል።

የእንግሊዝ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ኒኮቲን ያለበት ፈሳሽ ከ10 ሚሊሊትር በሚበልጥ ጠርሙስ እንዳይሸጥ፣ ከ20 ሚሊግራምም እንዳይበልጥ ይከለክላል። በዚህ ምክንያት ትልቅ መሣሪያ የያዘ ሰው ኒኮቲን የሌለበት 50 ሚሊሊትር ፈሳሽ ይገዛል፤ ጠርሙሱ ሆን ተብሎ ጎደል ተደርጎ ይመጣል። በላዩ 18 ሚሊግራም የሆነ አንድ የ10 ሚሊሊትር ጠርሙስ ኒኮቲን ይጨምራል። 180 ሚሊግራም ለ60 ሲካፈል 3 ይመጣል። ይህን ሂሳብ በቃልህ ያዘው፤ በኋላ ለመቀነስም የሚያገለግልህ ይኸው ነው። ስትቀላቅል ቆዳህ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው ታጠብ። ጠርሙሶቹ ደግሞ ሕፃን እጁ የማይደርስበት፣ የሚቆለፍ ቦታ ይቀመጡ። ሽታቸው የፍራፍሬ ነው፤ የሁለት ዓመት ልጄ እንጆሪ የተሳለበትን ጠርሙስ ለመክፈት ሲታገል አግኝቼው ደሜ ቀዝቅዟል።

ቀጥሎ ፈሳሹን የሚያግለው ጥቅል ሽቦ ነው፤ ሻጮች ኮይል የሚሉት። በላዩ የኦም ቁጥር ተጽፏል። ኦም ሽቦው ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ብዙ ኤሌክትሪክ ያልፋል። የትንሿ 1.2 ነበር፤ የትልቁ 0.2 ነው። በጎኑ ላይ ስንት ዋት እንደሚችል ታትሟል፤ የእኔ ከ50 እስከ 70 ይላል። አዲስ ኮይል ስታስገባ ጥጡ ላይ ጥቂት ጠብታ ፈሳሽ አንጠባጥብ፣ ማጠራቀሚያውን ሙላና አሥር ደቂቃ ተወው። ከዚያ ከዝቅተኛው ዋት ጀምረህ ቀስ እያልክ ውጣ። እኔ የመጀመሪያውን ኮይል ሳላርስ በ70 ዋት ለኮስኩት፤ የተቃጠለ ጨርቅ ጣዕም ለሁለት ቀን ከምላሴ አልወጣም፣ ኮይሉም ተጣለ። አንዴ የተቃጠለ ጥጥ አይታከምም።

አሳሳቡም ይለያል። ትንሿ እንደ ሲጋራ ናት፤ መጀመሪያ በአፍ ይዘህ ከዚያ ወደ ውስጥ ትምገዋለህ። ትልቁ የአየር ቀዳዳው ተከፍቶ፣ ረጅም ትንፋሽ እንደምትስብ በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባል። ቀዳዳውን ዘግተህ በ60 ዋት ብትስብ አፍህ ይቃጠላል።

ባትሪው ላይ ግን ቆም ብዬ መናገር አለብኝ፤ ሰው ቸል የሚለውና ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። የትልቁ መሣሪያ ባትሪዎች 18650 ይባላሉ፤ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። ርካሽ ፈልጌ በኢንተርኔት አራት ባትሪ አዝዤ ነበር፤ 9900 ሚሊአምፔር ሰዓት (ባትሪው የሚይዘው የኤሌክትሪክ መጠን) የሚል ጽሑፍ ነበረባቸው። አንድ ኤሌክትሪክ የሚያውቅ ጓደኛዬ ገና እንዳየው «ይህ ቁጥር ውሸት ነው» አለኝ። በዚህ መጠን የተሠሩ እውነተኛ ባትሪዎች ከ3600 ብዙም አያልፉም። በቁጥሩ የዋሸ ሰው በሌላውም ይዋሻልና ለባትሪ መጣያ ሰጠኋቸው። ሳምሰንግ፣ ሙራታ ወይም ሞሊሴል የሠሯቸውን፣ ከታመነ ሻጭ ገዛሁ።

ባትሪ ስትገዛ ዋናው የምታየው ቁጥር ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ሳይሆን ሳይሞቅ ስንት አምፔር ያለማቋረጥ መስጠት እንደሚችል ነው። አንድ ባትሪ ባለው መሣሪያ 80 ዋት ብታወጣ፣ ባትሪው ደክሞ 3.2 ቮልት ላይ ሲደርስ 25 አምፔር ይጠየቃል፤ ለብዙ ባትሪ ይህ ጫፉ ወይም ከዚያም በላይ ነው። በሁለት ባትሪ ሲሆን ጭነቱ ለሁለት ይከፈላል፤ እኔ በ60 ዋት ስሳብ እያንዳንዱ ዘጠኝ ተኩል ያህል ነው የሚሸከመው። ሁለት ባትሪ ያለው መሣሪያ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ሁለቱ አንድ ቀን የተገዙ፣ አብረው የሚሞሉና አብረው የሚወጡ መሆን አለባቸው። እኔ በብዕር «ሀ» ብዬ ጽፌባቸዋለሁ፤ ከሌላ አይቀላቀሉም።

የባትሪው አካል ከላይ ከአናቱ በቀር ሁሉም አሉታዊ ነው፤ ከውጭ የሚከልለው ቀጭን የፕላስቲክ ልባስ ነው። ልባሱ ከተቀደደ፣ በተለይ አናቱ አካባቢ፣ ባትሪው ይቀየር ወይም በሚያውቅ ሰው ይለበስ። ትርፍ ባትሪን ራቁቱን ኪስህ ውስጥ ከቁልፍና ከሳንቲም ጋር አትክተት። ብረት ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ባትሪው ወዲያው ይግላል፣ ሊፈነዳም ይችላል። የፕላስቲክ ማቀፊያው ዋጋ የአንድ ማኪያቶ ያህል እንኳ አይሆንም። ባትሪው ቻርጅ ላይ እያለም አትተኛ፣ ቤቱን ዘግተህም አትውጣ።

ወጪውንም ልንገርህ። ትንሿ አንድ ጠርሙስ አራት አምስት ቀን ታደርሳለች፤ ትልቁ ያንኑ በቀን ይጨርሳል። ማታ ማታ ብቻ ስለምጠቀምበት 60 ሚሊሊትሩ ሁለት ሳምንት ይሄድልኛል፤ ቀኑን ሙሉ ቢሆን ሳምንትም አይሞላ። የእንግሊዝ መንግሥት ደግሞ ከኦክቶበር 1 ቀን 2026 ጀምሮ በየ10 ሚሊሊትሩ 2.20 ፓውንድ ቀረጥ እንደሚጥል አስታውቋል፤ ኒኮቲን ባይኖርበትም። ትልቁን ቀኑን ሙሉ ለሚጠቀም ሰው ቀረጡ ብቻ በወር 66 ፓውንድ ማለት ነው። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏቸው ቬፖችም ከጁን 1 ቀን 2025 ጀምሮ መሸጣቸው ቀርቷል፤ ስለዚህ የሚሞላ መሣሪያ መልመድ ለብዙ ሰው አይቀርም።

ቤት ውስጥም ጣጣ አለው። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ምሽት «ቤቱን ደመና አለበስከው እኮ! ለልጁስ አታስብም?» አለችኝ። ልክ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በረንዳ ላይ ብቻ ነው፤ ዝናብም ቢሆን።

አገር ቤት ለመሄድ ለሚያስቡም አንድ ነገር ልበል። በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከውጭ ማስገባትም መሸጥም ይከለክላል። እኔ ባለፈው ዓመት ስሄድ ሁለቱንም መሣሪያ ለንደን ትቼ የኒኮቲን ፕላስተር ይዤ ሄድኩ። ወደ ሌላ አገር ይዛችሁ የምትበሩ ደግሞ መሣሪያውና ትርፍ ባትሪው ከእናንተ ጋር በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ አይፈቀድም።

በፕላስተሩ ሦስት ሳምንት ያለ ምንም መሣሪያ ዋልኩ። የመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ከእራት በኋላ ተነስቼ ግቢውን እዞር ነበር። እናቴ ቡና ስታፈላ አጠገቧ ሆኜ መቁላቱን እኔ ያዝኩ፤ እጄ ሥራ አገኘ። በአምስተኛው ቀን ቀለል አለኝ።

ስመለስ ፈሳሹን ቀነስኩት። ኒኮቲን ለሌለበት 100 ሚሊሊትር ፈሳሽ ሁለት ጠርሙስ ኒኮቲን ስጨምር የነበርኩት አንድ ብቻ አደረግሁ፤ 180 ለ110 ሲካፈል 1.6 ሚሊግራም ያህል መጣ። ትንሿን ከሰጠኋት ቆይቷል። የ193ቱን ደረጃ ጉዳይ የሚጠይቀኝ ካለ፣ ባለፈው ሰኞ አንድ ጊዜ ብቻ ቆሜ ወጥቻለሁ። «ሀ» የተጻፈባቸው ባትሪዎች አርጅተዋል፤ በአንድ ቻርጅ ሁለት ምሽት የሚያደርሱኝ የነበሩት አሁን አንዱን ምሽት እንኳ ሳይጨርሱ ይደክማሉ። አዲስ ጥንድ ላለመግዛት ወስኛለሁ።